የወንጀልና የልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ደራሲን ጋብዞ መጽሐፍ ማስፈረም፦ ለትንንሽ መጻሕፍት መደብሮች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በግል በሚተዳደሩ መጻሕፍት መደብሮች የሚዘጋጁ የፊርማ ምሽቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሹት በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የንባብና የጥያቄ ክፍለ ጊዜው ሲሆን፣ አንድ ታዳሚ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ የሚጠቁም ጥያቄ አንሥቶ መጽሐፉን ገና ያልጀመሩትን ሰዎች ንባብ ያበላሽባቸዋል። ሁለተኛው የፊርማው ጠረጴዛ ነው፤ እዚያ ሰልፉ ይቆማል፣ ስም ይሳሳታል፣ ያልደረቀ ቀለም ገጹን ያቆሽሻል፣ የተፈረመ መጽሐፍ ሳይከፈልበት ይቀራል። ሁለቱም የዕለቱ ችግሮች ይምሰሉ እንጂ መነሻቸው ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ሳይሠራ የቀረ ሥራ ነው።

መመሪያው ከሁለት እስከ አምስት ሠራተኛ ላለው መደብር የተዘጋጀ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ፤ በተለይ 3ኛውን ደረጃ ጊዜ ሲጠብ የሚዘለል አድርገው አይቁጠሩት።

ደረጃ 1፦ ግብዣና ስምምነት (ከዝግጅቱ 3 ወይም 4 ወር አስቀድሞ)

ለማን ይጻፋል?

ደራሲው አሳታሚ ድርጅት ካላቸው ግብዣውን ለድርጅቱ የማስተዋወቅ ክፍል ይላኩ፤ መጽሐፉን በራሳቸው ያሳተሙ ከሆነ በቀጥታ ለራሳቸው ይጻፉ። በደብዳቤው ላይ ሦስት አማራጭ ቀኖችን፣ መደብሩ የሚይዘውን የሰው ቁጥር፣ ለመሸጥ የሚጠብቁትን የመጽሐፍ ብዛትና ከዝግጅቱ በፊት የሚያደርጉትን የማስተዋወቅ ሥራ ይግለጹ። አሳታሚዎች የመደብሩን ስፋት ብቻ አይመዝኑም፤ የወንጀል ልብ ወለድ የሚያነቡ ቋሚ ደንበኞች ወይም የንባብ ክበብ እንዳለዎት የሚያሳይ አንድ አጭር አንቀጽ ከሁለት ገጽ አድናቆት ይልቅ ያሳምናቸዋል።

ቀኑን መምረጥ

መጽሐፉ አዲስ ከሆነ ለገበያ የሚቀርብበትን ቀን በጽሑፍ ያረጋግጡ። አሳታሚው ከዚያ ቀን በፊት መሸጥን ከከለከለ፣ ክልከላውን መጣስ መደብሩን በቀጣይ አቅርቦት ላይ አመኔታ ያሳጣዋል። የሚቻል ከሆነ ዝግጅቱን መጽሐፉ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ያድርጉት። በዚያ ጊዜ ከታዳሚው አብዛኛው መጽሐፉን ስላላነበበ ጥያቄዎቹ በአጻጻፉና በመነሻው ላይ ያተኩራሉ፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን አዳራሹ ባነበቡና ባላነበቡ ሰዎች ስለሚከፈል ምስጢሩን መጠበቅ እጅግ ይከብዳል።

በጽሑፍ የሚያዙ ጉዳዮች

በዚህ የጽሑፍ ዘርፍ በብዕር ስም የሚጽፉ ብዙ ናቸው። በማስታወቂያው ላይ የትኛው ስም እንደሚወጣ፣ መድረክ ላይ በየትኛው እንደሚጠሩ፣ መጽሐፉ ላይ በየትኛው እንደሚፈርሙ፣ ፎቶ መነሣትና የድምፅ ወይም የምስል ቀረጻ ይፈቅዱ እንደ ሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ፎቶ የማይፈቀድ ከሆነ ይህን በግብዣው ላይ ያውጡት፤ ታዳሚው በር ላይ ሲደርስ የሚሰማው ክልከላ ቅሬታ ይፈጥራል።

በተጨማሪ ደራሲው ምን ያህል ሰዓት እንደሚቆዩ፣ ሰዎች ከቤት ያመጧቸውን የቆዩ መጻሕፍት ይፈርሙ እንደ ሆነ፣ ከዝግጅቱ በኋላ ለመደርደሪያ የሚቀር ስንት መጽሐፍ እንደሚፈርሙ እና የጉዞ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይስማሙ።

ደረጃ 2፦ መጻሕፍትን ማዘዝ (ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ)

ልብ ወለዱ የተከታታይ ክፍል ከሆነ አዲሱን ብቻ አይዘዙ። ደራሲውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀ ሰው ሰባተኛውን ክፍል ይዞ መሄድ አይፈልግም፤ የመጀመሪያውን ይጠይቃል። እኔ የምመክረው ከአዲሱ መጽሐፍ ለተመዘገበው ሰው ሦስት አራተኛ የሚበቃ፣ ከመጀመሪያው ክፍል ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል ማዘዝ ነው። መካከል ላይ ካሉት ክፍሎች ከእያንዳንዱ ጥቂት ይበቃል።

ከማዘዝዎ በፊት አከፋፋዩን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ያልተሸጠ መጽሐፍ ከተፈረመበት በኋላ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? የተፈረመን መጽሐፍ እንደ ተበላሸ ቆጥረው የማይቀበሉ አከፋፋዮች አሉ። መልሱ «አይመለስም» ከሆነ ደራሲው ከዝግጅቱ በኋላ የሚፈርሟቸውን መጻሕፍት በእርግጠኝነት በሚሸጡት ቁጥር ይወስኑ።

መጻሕፍቱ ሲደርሱ ካርቶኖቹን በዚያው ቀን ይክፈቱ። ርእሱንና ብዛቱን ይቁጠሩ፤ ከእያንዳንዱ ካርቶን ሁለት ሁለት መጽሐፍ አውጥተው ገጾቹ ያልተዘለሉና ያልተገለበጡ መሆናቸውን ይመልከቱ። የተፈረሙ መጻሕፍት ሰብሳቢዎች የመጀመሪያውን ኅትመት ስለሚፈልጉ የቅጂ መብቱንም ገጽ ይዩ። ብዙ አሳታሚዎች በዚህ ገጽ ግርጌ የቁጥር መስመር ያትማሉ፤ ከቁጥሮቹ መካከል 1 ካለ የመጀመሪያው ኅትመት ነው፣ ትንሹ ቁጥር 3 ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው ነው። ሠራተኞችዎ ይህን ማንበብ ይወቁ፤ ሳያረጋግጡ «የመጀመሪያ ኅትመት ነው» ብሎ መሸጥ ደንበኛን ማሳሳት ነው።

ከአዲሱ መጽሐፍ አምስት ቅጂዎችን ለስሕተት መተኪያ ለይተው ያስቀምጡ፤ ዝግጅቱ እስኪያልቅ ድረስ አይሽጧቸው።

ደረጃ 3፦ የመጽሐፉን መጨረሻ መጠበቅ (ከ2 ሳምንት አስቀድሞ)

የወንጀል ልብ ወለድ አንባቢ ገንዘቡን የሚከፍለው ገና ባላወቀው ነገር ላይ ነው። ያንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሳጣት ስለሚቻል ይህ ደረጃ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

1. መድረኩን የሚመራውን ሰው ይምረጡ፤ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ መሆን አለበት። እኔ በዚህ አልደራደርም። ያላነበበ የመድረክ መሪ የትኛው ጥያቄ አደገኛ እንደ ሆነ መለየት ስለማይችል ሊያስቆመውም አይችልም።

2. የመድረክ መሪው ከደራሲው ጋር በስልክ ተነጋግሮ አንድ ወሰን ያብጅ። ወሰኑ «እስከ ምዕራፍ 6 ያለውን በነጻ እንነጋገራለን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አንነካም» እንደሚል ያለ ግልጽ መሆን አለበት። መጽሐፉ የተከታታይ ክፍል ከሆነ ያለፉት ክፍሎች ምስጢሮችም ይካተቱ፤ በሦስተኛው ክፍል የሞተ ገጸ ባሕርይ ስም መነሣቱ ብቻ ተከታታዩን ገና ለሚጀምር ሰው ብዙ ይናገራል።

3. ደራሲው የሚያነቡትን ክፍል አስቀድመው ይምረጡ። ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የተወሰደ፣ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ጥያቄ በሚያስነሣ ቦታ የሚቆም ይሁን። ብዙ ገጸ ባሕርያት በአንድ ጊዜ የሚነጋገሩበት ክፍል በጆሮ ለመከታተል ስለሚያስቸግር አይመረጥም።

4. ጥያቄዎችን በቃል ሳይሆን በካርድ ይቀበሉ። ካርዱና እርሳሱ በየወንበሩ ላይ ይቀመጥ፤ አንድ ሠራተኛ ንባቡ እንዳለቀ ይሰብስብ፤ የመድረክ መሪው ወሰኑን የሚያልፉትን ለይቶ ያስቀር። የቃል ጥያቄ የበለጠ ሕያው ነው የሚሉ አሉ፤ ይሁን እንጂ ለዚህ ዘርፍ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

5. የራስዎን ማስታወቂያ ይመርምሩ። «መጨረሻው ያስደነግጥዎታል» ወይም «ያልጠበቁት ሰው ነው» የሚል ጽሑፍ ምስጢሩን በቀጥታ ባይናገርም፣ አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የማይጠረጠረውን ሰው እንዲጠረጥር ያደርገዋል። በመደርደሪያው ላይ ሠራተኞች የሚጽፏቸውን የምክር ካርዶችም በዚሁ ዓይን ይመልከቱ።

ምስጢር ሊያወጣ የሚችል ጥያቄ ድንገት ከተሰማ

አንድ ታዳሚ ከመቀመጫው ጮኾ «ወንድሙ መሆኑን መቼ ወሰኑ?» ቢል፣ በዚያች ቅጽበት ጉዳቱን የሚያጸናው መድረክ ላይ ያሉት ሰዎች የሚያሳዩት ሁኔታ ነው። የመድረክ መሪው ከደነገጠ ወይም «እባክዎ እንዳይናገሩብን!» ካለ ጥያቄው እውነት መሆኑን ለሁሉም አረጋገጠ ማለት ነው። ስለዚህ መሪውም ደራሲውም ፊታቸውን ሳይለውጡ፣ ሳያረጋግጡና ሳያስተባብሉ፣ «ስለ ገጸ ባሕርያት ብዙ ግምት እንሰማለን፤ በዚህ ላይ የተጻፈ ጥያቄ ይዣለሁ» ብለው ወደሚቀጥለው ካርድ ይለፉ። ይህን ምላሽ ከደራሲው ጋር አስቀድመው ይለማመዱት።

ደረጃ 4፦ ቦታ፣ ጠረጴዛና ብዕር

ጠረጴዛውን ከደራሲው በስተጀርባ ግድግዳ እንዲኖር አድርገው ያስቀምጡ፤ ሰው ከኋላ እየመጣ ትከሻ መንካት የለበትም። ሰልፉ የአደጋ ጊዜ መውጫውንና የሒሳብ መክፈያውን እንዳይዘጋ በወለሉ ላይ በተለጣፊ ፕላስተር መሥመሩን ያሳዩ። ሰልፉ በወንጀል ልብ ወለድ መደርደሪያዎች አጠገብ እንዲያልፍ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ሰው ቆሞ በሚጠብቅበት ጊዜ ሌላ መጽሐፍ ያነሣል።

ወንበሮችን ከሚጠብቁት ሰው ቁጥር ግማሽ ያህል ብቻ ይዘርጉ፤ የቀሩትን በቅርብ ያስቀምጡ። ሰው ሲበዛ ወንበር መጨመር ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ባዶ ወንበሮችን በደራሲው ፊት ማንሣት ግን አይደለም።

ብዕርን በተመለከተ የሚከተለውን ይጠብቁ። አልኮል ያለበት ወፍራም ማርከር ወረቀቱን አልፎ በጀርባው ገጽ ይታያል፤ ተራ እስክሪብቶ በሚቀጥለው ገጽ ላይ የጫና ምልክት ይተዋል። የሚመረጠው የማይደበዝዝ፣ ውኃ የማያጥበው፣ ከአሲድ ነጻ ቀለም ያለው ባለ ቀጭን ጫፍ ብዕር ነው። ከሚፈረመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ የተጎዳ ቅጂ ወስደው በርእስ ገጹ ላይ ይጻፉበት፤ ከ10 ሰከንድ በኋላ በጣትዎ ያሹት። ቀለሙ ከተለቀለቀ ሌላ ብዕር ይፈልጉ ወይም በእያንዳንዱ ፊርማ ላይ የሚገባ ንጹሕ ቁራጭ ወረቀት ያዘጋጁ። የልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት የርእስ ገጽ ጥቁር ሆኖ የሚታተምበት ጊዜም ስላለ፣ እንዲህ ከሆነ የብር ቀለም ያለው ብዕር ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ለመድረቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ከመረጡት ብዕር ቢያንስ ስድስት ያዘጋጁ።

ደረጃ 5፦ የሰልፉ ሥርዓት

መጀመሪያ ሒሳቡን ይሥሩ። የባለቤቱ ስም ተጽፎበት የሚፈረም አንድ መጽሐፍ አጭር ሰላምታ ተጨምሮ 45 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ፎቶ ሲጨመር ከአንድ ደቂቃ ይበልጣል። ፊርማ ብቻ ከሆነ 15 ሰከንድ ይበቃል። ስለዚህ 80 ሰው ስሙን እያስጻፈ ሲያስፈርም አንድ ሰዓት፣ ፊርማ ብቻ ሲሆን 20 ደቂቃ ይወስዳል። ደራሲው የሚቆዩበት ጊዜ ለዚህ የማይበቃ ከሆነ ውሳኔውን በዕለቱ ለደራሲው አይተዉት፤ አስቀድመው «ዛሬ ፊርማ ብቻ» ወይም «ለአንድ ሰው ሁለት መጽሐፍ» የሚል ማስታወቂያ በበሩ ላይ ይለጥፉ።

ከዚያ አራት ሥራዎችን ለአራት ሰዎች ያከፋፍሉ፤ ሰው ካነሰ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ሰው ይያዘው።

የመጀመሪያው ሰው ሒሳብ ይቀበላል። ማንኛውም መጽሐፍ ሳይከፈልበት ወደ ጠረጴዛው መቅረብ የለበትም፤ በስም የተፈረመ መጽሐፍ ጥሎ የሄደ ሰው ካለ ያን መጽሐፍ ለሌላ መሸጥ አይቻልም። ደረሰኙ በመጽሐፉ ውስጥ ይቀመጥ። ከቤት የመጡ መጻሕፍት ሲገቡ ትንሽ ተለጣፊ ምልክት ይደረግባቸው፤ አለበለዚያ መውጫው ላይ ጥርጣሬና ክርክር ይነሣል።

ሁለተኛው ሰው ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ አስር አስር ሰው እየጠራም ያሰልፋል። የቀረው ሰው ተቀምጦ ወይም መጻሕፍት እያየ ይጠብቃል። አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃን የያዙትን ቁጥራቸው ምንም ቢሆን ያስቀድሙ።

ሦስተኛው ሰው በሰልፉ ውስጥ እየተዘዋወረ ስም ይጽፋል። ይህ ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከሁሉ በላይ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። «ስምዎን እንዴት ይጽፉታል?» ብሎ መጠየቅና ባለቤቱ በራሱ እጅ በተለጣፊ ቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ይሻላል፤ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ፊደላት ስላሉ ኃይሉና ሀይሉ፣ ሣራና ሳራ በጆሮ አይለዩም። መጽሐፉ ለስጦታ ከሆነ የተቀባዩ ስም እንጂ የሚያስፈርመው ሰው ስም እንዳይጻፍ ሠራተኛው ደግሞ ይጠይቅ። በቁራጩ ላይ ከስሙ ሥር «ስም»፣ «ፊርማ ብቻ» ወይም «ፊርማና ቀን» የሚል ምልክት ይደረግ፤ ሰብሳቢዎች ብዙውን ጊዜ ፊርማ ብቻ ይፈልጋሉ፤ ሳይጠይቁ ስም መጻፍ ቅር ያሰኛቸዋል።

አራተኛው ሰው ከደራሲው አጠገብ ይቀመጣል። መጽሐፉን ተቀብሎ በርእስ ገጹ ላይ ይከፍታል፤ በጠንካራው ሽፋን ላይ የሚጠቀለል ተነቃይ የወረቀት ሽፋን ያለው ከሆነ የፊተኛውን እጥፋት በርእስ ገጹ ላይ አስቀድሞ ያሳርፋል፤ ከደራሲው የማይጽፉበት እጅ በኩልም ያቀርባል። ስለዚህ ደራሲው በየትኛው እጅ እንደሚጽፉ አስቀድመው ይጠይቁ። ከተፈረመ በኋላ ስም የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት ያነሣል፤ ቀለሙ እስኪደርቅም መጽሐፉን አይዘጋም። ፎቶ የሚያነሣውም እሱ ነው፤ ስልኩን ሰው ተራው ሲደርስ ሳይሆን ከፊቱ ያለው ሰው እያስፈረመ ሳለ ይቀበለዋል።

ብዙ የቆዩ መጻሕፍት ይዞ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ዙር ሦስት ያስፈርም፤ የቀሩትን በሰልፉ መጨረሻ ይመለስባቸው። ይህን ደንብ ለአንድ ሰው ከለወጡት ለሁሉም መለወጥዎ ነው።

ደረጃ 6፦ የዕለቱ ቅደም ተከተል

1. ዝግጅቱ ከመጀመሩ 2 ሰዓት በፊት፦ ወንበር፣ መብራት፣ ማይክሮፎንና ሰልፍ ይዘጋጅ፤ የማይክሮፎኑ ድምፅ አንድ ሠራተኛ በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ እየሰማ ይፈተሽ።
2. ከ45 ደቂቃ በፊት፦ ደራሲው ይድረሱ፤ ጸጥ ባለ ቦታ ይረፉ። በስልክ ላዘዙና አስቀድመው ለከፈሉ ደንበኞች የሚፈረሙትን መጻሕፍት በዚህ ጊዜ ይፈርሙ።
3. ሲጀመር፦ የመድረክ መሪው ከ2 ደቂቃ ባልበለጠ ንግግር ደራሲውን ያስተዋውቅ፤ በጀርባ ሽፋኑ ላይ ካለው በላይ ታሪኩን አይተርክ። «ከመካከላችን መጽሐፉን ገና ያላነበቡ አሉና የመጨረሻውን ክፍል የሚመለከት ነገር ዛሬ አናነሣም» ብሎ በግልጽ ይናገር።
4. ንባብ 8 ደቂቃ፣ ውይይት 20 ደቂቃ፣ የካርድ ጥያቄዎች 15 ደቂቃ።
5. የሰልፉ አካሄድ ይነገር፤ ፊርማው ይጀምር።

ደረጃ 7፦ ነገር ሲበላሽ

ደራሲው ዘገዩ ወይም ቀሩ። የጉዞውን ሁኔታ ከጠዋቱ ጀምሮ ይከታተሉ። መዘግየቱ ከግማሽ ሰዓት በታች ከሆነ የመድረክ መሪው ስለ ቀደሙት ሥራዎቻቸው ውይይት ይክፈት። መምጣታቸው የማይቻል ከሆነ እውነቱን ወዲያው ይናገሩ፤ የደንበኞችን ስም መዝግበው ደራሲው በኋላ ፈርመው የሚልኩትን፣ በመጽሐፉ ውስጥ የሚለጠፍ ወረቀት ለእያንዳንዱ ለመስጠት ቃል ይግቡ፤ ገንዘቡን መመለስ የሚፈልግ ካለ ያለ ክርክር ይመልሱ።

ጥቂት ሰው መጣ። ማይክሮፎኑንና መድረኩን ያንሡ፤ ወንበሮቹን ክብ አድርገው ደራሲውን ከመካከላቸው ያስቀምጡ። ስለ ሰው ማነስ ይቅርታ መጠየቅ የመጡትን ዝቅ ያደርጋቸዋልና አይጠይቁ።

መጻሕፍቱ አልደረሱም። ከዝግጅቱ አንድ ሳምንት በፊት ያልደረሰን ትእዛዝ እንደ ጠፋ ቆጥረው ለአሳታሚው ይደውሉ፤ ደራሲው ያላቸውን ቅጂ ይዘው እንዲመጡም ይጠይቁ። ያም ካልሆነ ክፍያና ስም ተቀብለው በተለጣፊ ወረቀት ያስፈርሙ፤ መጽሐፉ ሲደርስ ይለጥፉበት።

ስም ተሳሳተ። ደራሲው እንዲሰርዙ ወይም በላዩ እንዲጽፉ አይፍቀዱ። ከተለዩት አምስት ቅጂዎች አንዱን ያቅርቡ፤ የተሳሳተውን ከጠረጴዛው ሥር ያኑሩ፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በሰልፉ ፊት አይመርምሩ።

አንድ ሰው ጠረጴዛውን ያዘ። አጠገብ ያለው ሠራተኛ ተነሥቶ «መጽሐፍዎ እስኪደርቅ ወደዚህ እንለፍ» በማለት መጽሐፉን ይዞ ይራመድ፤ ሰው መጽሐፉን ይከተላል። ያልታተመ ረቂቅ ለደራሲው ሊሰጥ የመጣ ካለ መደብሩ እንደማይቀበል ሠራተኛው ይንገረው፤ እምቢታውን ደራሲው መናገር የለባቸውም።

በእውነተኛ ወንጀል ላይ ክርክር ተነሣ። ታዳሚ በሕይወት ያለን ሰው በስም ጠርቶ ወንጀለኛ ካደረገ የመድረክ መሪው ወዲያው ያስቁመው። ጉዳዩ ስም ማጥፋት ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ ቀረጻ ካለ፣ መደብሩንም ደራሲውንም ለክስ ያጋልጣል። ያንን ክፍል ከቀረጻው ሳያስወጡ አያሰራጩ።

ደረጃ 8፦ ከዝግጅቱ በኋላ

ታዳሚው ሲወጣ የተስማሙበትን የመደርደሪያ መጽሐፍ ያስፈርሙ። «በደራሲው የተፈረመ» የሚለው ምልክት ሲላጥ ሽፋኑን የማይጎዳ ይሁን፤ ወይም በሽፋኑ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ በመጽሐፉ ውስጥ የሚገባ ወረቀት ይጠቀሙ።

በዚያው ምሽት የተሸጠውን፣ የተፈረመውንና የቀረውን ለየብቻ ይቁጠሩ። ደራሲው መጽሐፉን በራሳቸው አምጥተው ከሆነ ቁጥሩን አብረው አረጋግጠው ይፈራረሙ፤ ድርሻው አስቀድሞ በጽሑፍ የተያዘ መሆን አለበት፤ በብዙ መደብሮች የተለመደው 40 በመቶ ለመደብሩ፣ 60 በመቶ ለደራሲው ነው። ክፍያውን ከተስማሙበት ቀን አያሳልፉ። ለአሳታሚው በሳምንት ውስጥ የተሰብሳቢውንና የተሸጠውን ቁጥር ሳያጋንኑ ይላኩ፤ ሌላ ደራሲ ሲጠይቁ የሚከፈተው ይህ ሪፖርት ነው።

ወሰኑን ያልፋሉ ተብለው የቀሩትን የጥያቄ ካርዶች አይጣሏቸው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ መጽሐፉን ጨርሰው ላነበቡ ሰዎች ብቻ የውይይት ምሽት ያዘጋጁ፤ በማስታወቂያውና በበሩ ላይ «መጨረሻው ይነገራል» ብለው በትልቁ ይጻፉ፤ ካርዶቹንም ለመድረክ መሪው ይስጡት። ደራሲው በስልክ ወይም በቪዲዮ ለ20 ደቂቃ እንዲገኙ መጠየቅ ያለበት በፊርማው ምሽት፣ ከመሸኘታቸው በፊት ነው።